ብቻውን ባንድ የሆነ ሰው

በእኛ ሰፈር ስለ ዋልያስ ባንድ ክፉ መናገር አይቻልም ነበር። ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካደጉት ጎረምሶች አንዳቸውም ባንዱ የሚጫወትበትን የሂልተን ሆቴል ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ቢሆንም የባንዱን ሰዎች ከነመሣሪያቸው እንደ ኳስ ቡድን አሰላለፍ በቃላቸው ይወጡት ነበር፤ ኦርጋን ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኖ ግርማ በየነ፣ ሳክስፎን ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፣ ቤዝ መላከ ገብሬ፣ ድራም ተማረ ሐረጉ። ታላቅ ወንድሜማ ከሁሉም ይብስ ነበር። «ቼ በለው» የተባለውን የዋልያስን ሸክላ ከአንድ ጓደኛው ተውሶ መጣና፣ ማጫወቻ ስላልነበረን ሽፋኑን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሲያየው ሰነበተ። ሸክላውን አንድም ቀን ሳንሰማው ለባለቤቱ መለስንለት። ወንድሜ ግን ከዚያ በኋላ «ቼ በለውን የሰማ ሰው» እየተባለ በሰፈሩ ይከበር ጀመር፤ እሱም አላስተባበለም።

እኔ ኃይሉ መርጊያን ያወቅሁት በሌላ በር ገብቼ ነው። ባንዱን ትቶ፣ አሜሪካ ቀርቶ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ በሠራው ካሴት። ሰው ሁሉ ስለ ትልቁ ባንድ ሲያወራ እኔ ከባንዱ በኋላ የመጣውን እንደማስቀድም የሚያውቁ ወዳጆቼ እስከ ዛሬ ይተርቡኛል። እንዴት እንዲህ እንደሆንኩ ከነታሪኩ ልንገራችሁ።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነው። ልደታ ያን ጊዜ ዛሬ የሚታየው ኮንዶሚኒየም አልነበረባትም። የጭቃ ቤት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ለአንድ ግቢ አንድ ቧንቧ። ቤቱ ሁሉ የቀበሌ ነው። በአንዱ ቤት ሽንኩርት ሲጠበስ ሌላው ቤት ያስነጥሳል፤ አንዱ ሬድዮ ሲከፍት ሦስት ቤት ዜና ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ከአፋቸው የማይለዩት አንድ ወሬ ነበራቸው፤ ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበር። «ፈረንጅ ሁሉ በእኛ ሜዳ ነበር የሚወርደው» ይሉናል። እኛ ልጆቹ የምናየው የሜዳውን ርዝራዥ ብቻ ስለነበር፣ ተረት ነው ብለን እናልፈዋለን።

በግቢያችን ቴፕ የነበራቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። አሰብ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ትንሽ ትልቁ ጋሼ ይላቸዋል። ቴፑንም ከአሰብ ነው ያመጡት፤ ባለ ሁለት ካሴት፣ እጀታው የሚታጠፍ። ቤት በሌሉ ጊዜ ሚስታቸው በዳንቴል ሸፍነው ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጡታል። እሳቸው ከመንገድ ሲመጡ ዳንቴሉ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ግቢው ሁሉ ጋሼ መግባታቸውን ያውቃል።

ግንቦት ልደታ የሰፈራችን የራሷ በዓል ናት። አገሩ ሁሉ ያከብራታል፤ ለእኛ ግን ታቦቷም ስሟም የእኛው ስለሆነች ኩራታችን ሌላ ነው። ንፍሮው ይቀቀላል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ሁሉም ከቤት ወጥቶ ደጅ ይበላል። የዚያን ዓመት ጋሼ ከአሰብ ለበዓሉ ደርሰው ነበርና ቴፑን አውጥተው መስኮታቸው ደፍ ላይ አስቀመጡት። አንድ አዲስ ካሴት ከኪሳቸው አወጡ፤ ከመንገድ ላይ ነው የገዙት። ሲከፍቱት አኮርዲዮን ሆነ።

ዜማው «ሸሞንሟናዬ» ነበር። የሚታወቅ ዜማ ስለሆነ ሴቶቹ ወዲያው ትከሻቸውን ነቅነቅ ማድረግ ጀመሩ። ዘፋኙ እስኪገባ ግን ጠበቅን። አልገባም። ዜማው ዞሮ መጣ፤ አሁንም የለም። እናቴ የንፍሮውን ሰፌድ እንደያዘች ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚዘፍነው?» አለቻቸው።

«እየዘፈነ ነው እኮ!» አሉ ጋሼ እየሳቁ፤ «በጣቱ!»

በስተቀኝ በኩል በርጩማቸው ላይ የተቀመጡ ሌላ ጎረቤት ነበሩን፤ ጡረታ የወጡ ወታደር። ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ጆሯቸውን አዘንብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ይሄ ልጅ አኮርዲዮን የተማረው ሠራዊት ቤት ነው» አሉ። በምን አወቁ ሲባሉ፣ «ትንፋሹን አያባክንም» ብለው ዝም። ያኔ ነገሩ የሽማግሌ ጉራ መስሎኝ ነበር። ኋላ እንዳነበብኩት ደብረ ብርሃን የተወለደው ኃይሉ መርጊያ ገና በልጅነቱ ሠራዊት ቤት ገብቶ ሙዚቃ የለመደው እዚያ ነው፤ አኮርዲዮንም ከመጀመሪያ መሣሪያዎቹ አንዱ ነበር። ሽማግሌው በጆሮ ብቻ ደርሰውበታል።

ወንድሜ የመጣው ካሴቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ማን እንደሆነ ጠየቀ። ኃይሉ መርጊያ ሲባል ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጨለመ።

«ዋልያስ የታሉ ታዲያ? ድራሙን ማን ነው የሚመታው?»

«ማሽን ነው አሉ» አሉት ጋሼ።

«ማሽን!» አለ ወንድሜ፤ «ተማረ ሐረጉን የሚያህል ሰው ትቶ ከማሽን ጋር?» ንፍሮውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። በግንቦት ልደታ ንፍሮ ጥሎ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ይረዳኛል።

ወንድሜ ያለ ምክንያት አልተቆጣም። ዋልያስ ዝም ብሎ ባንድ አልነበረም። በዚያ ዘመን የብዙው ሙዚቀኛ ሕይወት የሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የክቡር ዘበኛ ወይም የሆቴል ቅጥር ነው፤ መሣሪያውም የአሠሪው ነው። ዋልያሶች በራሳቸው ቆመው፣ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ሂልተን ገቡና ለዓመታት የቤቱ ባንድ ሆኑ። በእራት ሰዓት ለዲፕሎማቱና ለነጋዴው የውጭውን ዘፈን ይጫወታሉ፤ ሲመሽ የራሳቸውን ያመጣሉ። ሰዓት እላፊ ከታወጀ በኋላ የምሽት ክበብ ማለት ከገቡበት እስኪነጋ የማይወጡበት ቤት ሆኖ ነበርና፣ ባንድም ሌሊቱን ሙሉ መጫወት መቻል ነበረበት። እንደዚያ ያለ ሥራ አብሮ የሠራ ሰው እርስ በርሱ ሳይተያይ ይግባባል። እ.ኤ.አ. በ1977 ከሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ጋር የሠሩት «ቼ በለው» ያንን መግባባት ያሰማል። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው «ሙዚቃዊ ስልት» ከዚያ ሸክላ ነው። ዘፋኝ የሌለበት ሸክላ ማውጣትም በአገራችን ድፍረት ነበር፤ በዚያ ላይ ግጥም የሌለው ዜማ ለሳንሱር የሚቀርብ ቃል የለውም፤ ለዘመኑ ሰው ይህም ትንሽ ዕረፍት ነው። ኃይሉ ከዚያ በኋላ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ። እሱም ሲሰማ የሚያስነሣ ሥራ ነው፤ ዛሬ ግን አልቆምበትም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ለትርኢት አሜሪካ ሄዱ። እንደነሱ ያለ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ እዚያ አገር ሲዞር የመጀመሪያው ነበር፤ የተሰበሰበላቸው ሰው አብዛኛው ስደተኛ ወገን ነው። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ሌሎቹ ተመለሱ፤ በዋልያስ ስምም ቀጠሉ። ልደታ ውስጥ ይህ ወሬ እንደ ሞት መርዶ ነው የተሰማው ይሉኛል ታላላቆቼ። በደርግ ጊዜ ውጭ የቀረ ሰው ስሙ ጮክ ተብሎ አይነሣም፤ እነ ኃይሉ ግን እንኳን ሊታሙ ቀርቶ ቤት ውስጥ ይዘፈኑ ነበር፤ ያለ ቃል።

ዋሽንግተን የቀሩት መጀመሪያ ዙላ ባንድ በሚል ስም ጥቂት ጊዜ አብረው ተጫወቱ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1985 ኃይሉ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ገብቶ ያን ካሴት ለብቻው ቀዳ። አኮርዲዮኑን ይዞ፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩን፣ ያኔ አዲስ የነበረውን ያማሃ ዲኤክስ ሰቨን ኪቦርድና የሪዝም ማሽኑን ደርድሮ። ሌላ ሰው የለም። አንዱን መሣሪያ ይቀዳል፣ እሱን እያዳመጠ ሌላውን ይደርባል፣ በመጨረሻ አኮርዲዮኑን ከላይ ያስቀምጣል።

ይህን አሠራር ያወቅሁት አድጌ ነው። በልጅነቴ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሙዚቃው ውስጥ ሰው ጥቂት ነው። የባንድ ሙዚቃ ስሰማ ብዙ ሰው ያለበት ቤት የገባሁ ይመስለኛል፤ እዚህ ግን አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ፣ ለራሱ እያንጎራጎረ፣ እኔ በመስኮት የሰማሁት ያህል ነው። ዛሬም ሳዳምጠው ሚስጥሩ የት እንዳለ ለመናገር እሞክራለሁ። ማሽኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም፣ አይደሰትም። ጥሩ ድራመኛ ዘፋኙ ሲጎትት አብሮ ይጎትታል፤ ማሽን ያን አያውቅም። ስለዚህ መጎተቱንም መልቀቁንም አኮርዲዮኑ ብቻውን ተሸክሞታል። ስንኝ በሚያልቅበት፣ ዘፋኝ ቢሆን ድምፁን በሚያረዝምበት ቦታ፣ ኃይሉ ወናፉን ይይዘውና ከማሽኑ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ድምፅ አከታትሎ ይደርስበታል። ማሽኑ ግትር በሆነ መጠን የጣቱ ልስላሴ ይጎላል። ወንድሜ እንደ ጉድለት ያየው ነገር፣ ለእኔ ካሴቱ የቆመበት ምሰሶ ነው።

«አምባሰል»ን ውሰዱ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ የሆነውን አምባሰልን ስንት ድምፃዊ ተጫውቶታል። እንባ ሳይቀላቅሉ መጫወት የሚችሉት ጥቂት ናቸው። ኃይሉ አያለቅስበትም፤ ረጋ ብሎ ደረጃ በደረጃ ይወርደዋል፤ ኤሌክትሪክ ፒያኖው እንደ ደወል ያለ ድምፁን ከሥር ጣል ጣል ያደርግለታል። «ሽለላ»ም አለበት። ሽለላ ጉሮሮ የሚፈልግ፣ ጎራዴ የሚያስመዝዝ ነገር ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ ሰው፣ ጩኸት ሳይኖር በሪዝም ማሽን ሽለላ ሲሸልል ስሰማ ፈገግ ማለቴ አይቀርም። ግን ይሠራል። ጡረተኛው ጎረቤታችን ይቺን ዜማ ሲሰሙ ሳይታወቃቸው ቀጥ ብለው ይቀመጡ ነበር።

ከትልቅ ባንድ የወጣ ሰው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ቢትልስ ሲፈርሱ ፖል ማካርትኒም እ.ኤ.አ. በ1970 እንዲሁ አድርጎ ነበር፤ ቤቱ ገብቶ ጊታሩንም፣ ቤዙንም፣ ድራሙንም፣ ፒያኖውንም ራሱ እየተጫወተ አልበም አወጣ። ብዙዎቹ ተቺዎች ያን ጊዜ አልወደዱለትም፤ ያላለቀ ሥራ ነው አሉት። ዓመታት ሲያልፉ ግን የሚወዱት በዙ። ልዩነቱ ማካርትኒ እንዲያ ያደረገው በዓለም ላይ ማንም የሚያውቀው ባለጸጋ ሆኖ፣ በገዛ ፈቃዱ ነው። የኃይሉ ሁኔታ ሌላ ነው፤ ጓደኞቹ ውቅያኖስ ማዶ፣ አድማጩ ውቅያኖስ ማዶ፣ ሂልተንም ውቅያኖስ ማዶ። የቀረው የልጅነት መሣሪያው ነበር፤ ወደሱ ተመለሰ። ይህ በመሆኑም ካሴቱ ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ የተጫወተ አንድም ነገር የለም።

ካሴቱን የራሴ ለማድረግ ገንዘብ ማጠራቀም ነበረብኝ። ኦሪጅናሉን መግዛት ለእኛ ቤት ልጅ የማይታሰብ ስለሆነ፣ ያገለገለ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ማስቀዳት ነው። ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ከነበሩት ሙዚቃ ቤቶች አንዷ ዘንድ ሰጥቼ፣ በቀጠሮዬ ስሄድ ባለቤቱ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ቅጂው እንደተቋረጠበት ነገረኝ። የመጨረሻው ዜማ መሐሉ ላይ ይቆረጥና ከዚያ በፊት ካሴቱ ላይ የነበረ የሌላ ዘፋኝ ጩኸት ይገባል። እኔም እንደዚያው ለመድኩት። ኦሪጅናሉን ከዓመታት በኋላ ስሰማ ዜማው ሳይቆረጥ ሲቀጥል ግር ብሎኛል፤ ያ ዘፋኝ መምጣት ነበረበት! ቴፑ ካሴቱን ሲበላው በእስክሪብቶ እያጠነጠንን፣ ክሩ ሲበጠስ በጥፍር ቀለም እየለጠፍን፣ ብዙ ዘመን አገለገለን። በካሴት ዘመን ያላደገ ሰው ይህን ሁሉ ድካም ይንቀው ይሆናል። አንድን ዜማ ለመስማት ይህን ያህል የለፋ ሰው ግን ዜማውን በግማሽ ጆሮ አይሰማውም።

ደርግ ወደቀ፤ ልጆች የነበርነው አደግን። በ1990ዎቹ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ወሬ ያመጣ ጀመር፤ ኃይሉ መርጊያ ታክሲ ነው የሚነዳው። ግቢያችን ውስጥ ይህ ወሬ በቡና ላይ ቀረበና ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ። «አዬ ኃይሉ! እንዲያ ያለ ጣት መሪ ይጨብጥ?» አሉ። እኔም አብሬ ሳዝን ነበር፤ የተቆጡት ጋሼ ናቸው።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ስኒያቸውን አስቀምጠው፤ «መሪ መጨበጥ ምን ነውር አለበት? እኔ ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጬ አይደለም ወይ ልጆቼን ያሳደግሁት? ሰርቆ ቢሆን ለቅሶ እንቀመጥ!»

ቡናው በዝምታ ሁለተኛው ደረሰ። ጋሼ ልክ ነበሩ። ኃይሉ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መድረክ ትቶ፣ ኋላም በዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይሠራ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ወሬኞቹ ያልነገሩን ሌላ ነገር ነበር። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ይዞ ይዞራል። ተሳፋሪ እስኪመጣ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመዳል፤ ተራው ሲደርስ መልሶ ከቶ መንገደኛውን ይዞ ይሄዳል። ይህን ኋላ ራሱ ለጋዜጠኞች ሲናገር አነበብኩት። ለማንም ሳይጫወት፣ ማንም ሳይከፍለው፣ እጁ እንዳይረሳ ብሎ። ከባንድ ሲወጡ ከሙዚቃ የሚወጡ ሰዎች አሉ፤ እሱ ግን መድረክ እንኳ ሳይኖረው ከመሣሪያው አልተለየም።

የግቢያችንስ ነገር? በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልደታ ፈረሰች። መልሶ ማልማት መጣና ቆርቆሮው ተነቀለ፣ ሰው ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ ገሚሱ ከከተማው ዳር ዳር ደረሰው፣ እኛ ዕድለኛ ሆነን እዚያው ልደታ አራተኛ ፎቅ ላይ ገባን። ጡረተኛው ወታደር መፍረሱን ሳያዩ አርፈዋል። ጋሼ ሲጓዙ ቴፑን ይዘውታል፤ ካሴቱ ግን አልተገኘም። ኋላ ሲጣራ አንዷ የልጃቸው ልጅ መዝሙር ቀድታበታለች አሉ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ፣ «መዝሙር ከሆነ ምን ይደረጋል» ብለው ተዉት። እኔ እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

ከዚያ ነገሩ ባልጠበቅነው በኩል ተመልሶ መጣ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል፣ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከሙዚቃ ቤት ያን የኃይሉን ካሴት አገኘ። ሰውየውን ፈልጎ ስልክ ደወለለት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱን በሸክላና በሲዲ አሳተመው። ወዲያው አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ወጣቶች፣ አማርኛ አንድ ቃል የማይሰሙ፣ «ሸሞንሟናዬ»ን ይዘውት ቁጭ። የሚናገሩትን ሳነብ ሳቄ ይመጣል፤ ከወደፊቱ ዘመን የመጣ ድምፅ ይሉታል፣ ሕልም ይሉታል። እኔ የማስታውሰው ንፍሮ ነው። ካሴቱን ያሳተመው ሰው ቀጥሎ «ቼ በለው»ንና «ወደ ሐረር ጉዞ»ንም አሳተመ። ወንድሜ ቼ በለውን የሰማው ያኔ ነው ብል ይቆጣል፤ ስለዚህ አልልም።

እኔ የካሴቱን ዳግም መምጣት የሰማሁት ግን ከእህቴ ልጅ ነው። ባቡሩ ከተጀመረ ብዙም አልቆየም፤ ልደታ ጣቢያ ላይ ቆመን ስንጠብቅ የጆሮ ማዳመጫውን አውጥቶ ሰጠኝና፣ «አጎቴ፣ እስቲ ይሄን ስማ፤ በቅርቡ የተገኘ ሰው ነው» አለኝ። አኮርዲዮኑ ሲጀምር ባቡሩ መጣ፤ እኔ አልተሳፈርኩም። «የተገኘ ሰው» ያልኸው ሰው አያትህ መቼ ነው የሚዘፍነው ብላ የጠየቀችው ሰው ነው አልኩት። አላመነኝም። ዕድሜው የራሱ ግኝት እንዲኖረው የሚፈልግበት ስለሆነ ብዙም አልተከራከርኩም።

ኃይሉ ከዚያ በኋላ መድረክ ተመለሰ፤ ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። ከቶኒ ባክ ድራምና ከማይክ ማይኮቭስኪ ቤዝ ጋር ሦስት ሆነው የሠሩት ነው፤ ሁለቱም የእኛ አገር ሰዎች አይደሉም። ቀድሞ ብዙ ሰምቼው የነበረውን ማሽን የሚተካ ሕያው ድራም ሲመጣ ወንድሜ «አየህ!» አለኝ፤ መብቱ ነው። ድራሙ ከኃይሉ ጋር ሲተላለፍ፣ ሲተናኮል፣ ሲገፋው ጥሩ ነው። እኔን ግን የያዘኝ የአልበሙ መጨረሻ ነው፤ «የፍቅር እንጉርጉሮ»። ሁለቱ ጓደኞቹ ወጥተው እሱ ከፒያኖ ጋር ብቻውን ይቀራል። ያ የ1985ቱ ሰው እዚያ ቁጭ ብሏል፤ ማሽኑ እንኳ የለውም። ሁለት ዓመት ቆይቶ «የኔ ምርጫ» መጣ፤ እዚህኛው ላይ ማሲንቆ ገብቷል፣ ከድሮዎቹ ዋልያሶች ሞገስ ሀብቴም በሳክስፎኑ ተመልሷል፤ ከቴዲ አፍሮ «ሸመንደፈር» ጭምር ያለ ቃል ተጫውቶበታል። እኔ «ላላ በሉ»ን አስበልጣለሁ። «የኔ ምርጫ» የተሟላ ነው፤ ኃይሉ ደግሞ ሲጎድልበት የሚበልጥ ሰው ነው።

ባንዱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሥራው ሥራ ነው፤ ግርማ በየነም ከብዙ ዘመን ዝምታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፓሪሱ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ አልበም ሲያወጣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስለ እነዚህ ሰዎች የሚጻፈው ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «የዋልያሱ እከሌ» ይባልና፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የስደት ወሬ ብቻ ሆኖ ያልፋል። ታክሲ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ናፍቆት። እዚያ ዘመን ውስጥ የተሠራ ሥራ እንዳለ ማን ያነሣል? ከወንድሜ ጋር ይህን ስንከራከር ጸጉራችን ሸበተ። እሱ አሁንም፣ «ዋልያስ ባይኖር ያ ካሴት አይኖርም ነበር» ይላል። እውነቱን ነው። እኔም እለዋለሁ፤ ኃይሉ ዋልያስ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ያን አኮርዲዮን ማንም አይሰማውም ነበር።

«ሙዚቃዊ ስልት»ን የማያውቅ አንባቢ የለም ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ አልፋችሁ የ1985ቱን ሥራ ያልሰማችሁ ከ«አምባሰል» ጀምሩ፤ በስልክ ድምፅ ሳይሆን ደህና ስፒከር ፈልጋችሁ። የዚያ ዘመን ኦሪጅናል ካሴት ቤታችሁ ካለ ደግሞ፣ ልጆቹ ምንም እንዳይቀዱበት ከላዩ ያለችውን ቀዳዳ ክፍት አድርጓት።